አንጥረኛው የላከልኝ ሠንጠረዥ

ከብዙ ዓመት በፊት በአንድ ትንሽ የኦንላይን ሮልፕሌይ ጌም፣ ማለትም ተጫዋቹ የራሱን ገጸ ባሕርይ ይዞ በሚኖርበት ጌም፣ ውስጥ በፈቃደኝነት አገለግል ነበር። ሥዕል የሚባል ነገር የለውም፤ ሁሉም በጽሑፍ ነው። ተጫዋቹ «በሩን ክፈት» ብሎ ይጽፋል፣ ጌሙ ደግሞ የበሩን ድምፅና ከወዲያ በኩል የሚታየውን በቃላት ይመልስለታል። እኛ አምስት ስድስት ሆነን ከመጋረጃው በስተጀርባ ቤቶቹን እንጽፋለን፣ ጭራቆቹን እናሰማራለን፣ የዓለሙን ሕግ በኮድ እናስቀምጣለን። ክፍያ አልነበረውም። ከሥራ መልስ እስከ እኩለ ሌሊት የምንደክምለት ነገር ነበር፤ እስከ ዛሬም ከሠራኋቸው ሥራዎች ሁሉ ልቤ ውስጥ የቀረው እሱ ነው።

አንድ ሌሊት አንድ ተጫዋች ጻፈልኝ። ገጸ ባሕርዩ አንጥረኛ ስለነበር እኔም አንጥረኛው እለዋለሁ።

«ወንድሜ፣ የማበላሸው ነገር ካለ ንገረኝ እንጂ» አለ። «ከወር በላይ ሆነኝ፣ ማታ ማታ ስቀጠቅጥ ነው የማመሸው። ጌሙ ‹እጅህ እየሰላ መጣ› ይለኛል። የምሠራው ቢላዋ ግን ያው የድሮው ነው፤ ስለት አይይዝም።»

መልሱን አውቀው ነበር። በአንድ ሰዓት ውስጥ አንድን ሙያ ከሦስት ጊዜ በላይ የሞከረ ገጸ ባሕርይ ከአራተኛው ጀምሮ ምንም እንዳይማር አድርገን ነበር። «እጅህ እየሰላ መጣ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ግን አይቋረጥም፤ ሠላሳ ጊዜ ቢመታ ሠላሳ ጊዜ ይወጣል። ዓላማችን ክፉ አልነበረም። ሰው ብቻውን ጥግ ይዞ ብረት ሲቀጠቅጥ እንዳያመሽ፣ ተነስቶ መጠጥ ቤቱ ገብቶ ከሌሎቹ ጋር እንዲያወጋ፣ እንዲጣላ፣ እንዲዋደድ ነበር የፈለግነው። ጌሙ የተሠራው ለጨዋታና ለታሪክ ነበርና። ሕጉን ከተናገርን ግን ተጫዋቹ ሰዓት እየቆጠረ ሦስት ሦስት ጊዜ የሚመታ ማሽን ይሆናል ብለን ፈራን። ስለዚህ ሁላችንም የምንሰጠውን መልስ ሰጠሁት፦

«እሱን በጨዋታው ውስጥ ሆነህ ድረስበት።»

ሦስት ሳምንት ያህል ድምፁ ጠፋ። ከዚያ አንድ ፋይል ላከልኝ። ሠንጠረዥ ነው። በአንደኛው ዓምድ ሰዓቱ፣ በሁለተኛው በዚያ ሰዓት ውስጥ ስንተኛው ምት እንደሆነ፣ በሦስተኛው ጌሙ የሰጠው መልእክት፣ በአራተኛው የቢላዋው ጥራት ተጽፏል። አንድ ቀን ሦስት መትቶ ያቆማል፤ በማግስቱ ሠላሳ ይመታል፤ በሦስተኛው ቀን ሦስት መትቶ አንድ ሰዓት ይጠብቅና እንደገና ሦስት ይመታል። በየረድፉ መጨረሻ ላይ ለውጥ መኖር አለመኖሩን ምልክት አድርጎበታል። ከሥር እንዲህ የሚል አለ፦ «ከሦስት በኋላ ዜሮ።» ከዚያ ዝቅ ብሎ ደግሞ፦

«ሦስት ከመታህ በኋላ መጠጥ ቤት ሂድ ብላችሁ ብትነግሩኝ እኮ እሄድ ነበር። የፈለጋችሁት እሱን አልነበር?»

ደጋግሜ አነበብኩት። ሰውዬው አልተሳደበም፤ ቢሳደብ ይሻለኝ ነበር። ዓላማችን እንዲሳካ ብለን ሕጉን ደበቅን፤ በመደበቃችን ግን ሁለት ወር ሊሞላው ምንም ያልቀረው ጊዜ ብቻውን ብረት ሲቀጠቅጥ አመሸ። እኛ የፈራነውን ሰው፣ ሰዓት የሚቆጥረውን፣ የፈጠርነው ራሳችን ነን። ይባስ ብሎ ጌሙ በየምቱ ዋሽቶታል፤ ያንን ዓረፍተ ነገር የጻፍኩት ደግሞ እኔ ነበርኩ።

ከዚያ ወዲህ የኦንላይን ጌም ስጫወትም ሆነ ስለ ጌም አሠራር ሳነብ አእምሮዬ የሚመለሰው ወደዚያ ሠንጠረዥ ነው። ዲዛይነር ምን ይደብቅ? ምንስ የመደበቅ መብት የለውም?

ምስጢር ሁሉ ክፉ ነው አልልም። ምስጢር የሌለው ዓለም ደረቅ ነው። ከፏፏቴው ጀርባ ዋሻ እንዳለ በካርታ ላይ ቀድሞ ከተጻፈ ዋሻው ዋሻ መሆኑ ይቀራል። እንቆቅልሽ የሚጠይቅ ሰው መልሱን በልቡ ይይዛል፤ ግን አስቀድሞ «እንቆቅልሽ» ይላል። ሰሚው ጨዋታ ውስጥ መግባቱን ያውቃል፣ የሚፈለግ ነገር እንዳለ ያውቃል፣ ያልገባው ሞኝ ስለሆነ እንዳልሆነም ያውቃል። የእኛ አንጥረኛ ግን እንቆቅልሽ እንደቀረበለት አላወቀም። የቀረበለት መልስ ነበር፣ ያውም የተሳሳተ መልስ።

ከዚህ ጋር ሁሌ የማስታውሰው የአሽሮንስ ኮል ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ የኦንላይን ሮልፕሌይ ጌም ነው። በዚያ ጌም ውስጥ አንዳንድ ተጫዋቾች አንድ ቅሬታ ነበራቸው፦ ከጓደኞቻችን ጋር ተሰብስበን እንገባለን፣ ጭራቁ ግን ሁልጊዜ እኛን ይመርጣል። ከመካከላቸው አንዱ ዊ የሚባል ገጸ ባሕርይ ያለው ሰው ነበርና ነገሩ «ዊ ፍላግ» ተባለ፤ ማለትም ኮዱ ውስጥ በአንዳንድ ገጸ ባሕርያት ላይ «ይህን ብሉት» የሚል ስውር ምልክት አለ ማለት ነው። ሠሪዎቹ ኮዱን ተመለከቱ፣ እንዲህ ያለ ምልክት የለም አሉ። እውነታቸውን ነበር፤ ማንም ሰው እንዲህ ያለ ምልክት አላስቀመጠም። ሌላው ተጫዋች ደግሞ በእነ ዊ ይስቅ ጀመር። የሰው ልጅ ዕድል ሲጠምበት ጠላት ይፈልጋል፣ ክፉውን ብቻ ያስታውሳል፣ ደጉን ይረሳል ተባለ።

በኋላ ግን ተገኘ። ጭራቁ ከፊቱ ካሉት ሰዎች አንዱን ዒላማ የሚያደርግበት ስሌት ውስጥ ስህተት ነበረ። ምርጫው ገጸ ባሕርዩ ሲፈጠር ከተሰጠው መለያ ቁጥር ጋር ተያይዞ ያዘነብል ነበር፤ ስለዚህ አንዳንድ ገጸ ባሕርያት ከተወለዱ ጀምሮ የጭራቅ ቀለብ ነበሩ ማለት ነው። ሠሪዎቹ ይህንን በይፋ አምነው ዘርዝረው ጻፉ። ይህን ማድረጋቸውን አከብራለሁ።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን መካከል ላይ ያለው ጊዜ ነው። ሰውየው በዓይኑ ያየውን፣ በገጸ ባሕርዩ ሬሳ የቆጠረውን ነገር የለም ተባለ። ስሌቱ የተደበቀ ስለሆነ ማስረጃ ማቅረብ አይችልም፤ ማስረጃ ስለሌለውም አይታመንም። የተደበቀ አሠራር የሚያመጣው ትልቁ ጉዳት ይህ ይመስለኛል። ስህተት በማንኛውም ኮድ ውስጥ ይኖራል። ሕጉ ግልጽ ቢሆን ተጫዋቹ «ሕጋችሁ እንዲህ ይላል፣ የሆነው ግን እንዲህ ነው» ብሎ ይሞግታል። ሕጉ በማይታይበት ቦታ ግን ስህተትና ዓላማ አንድ መልክ አላቸው። ሠሪው ራሱ እንኳ አይለያቸውም።

የተደበቀ ነገር ደግሞ ተደብቆ አይቀርም። በዚያው ጌም አስማት በምርምር የሚገኝ ነገር ተደርጎ ነበር የተሠራው። ተጫዋቹ ልዩ ልዩ ቅመሞችን እያዋሃደ እየሞከረ የራሱን ቀመር ያገኛል፤ ቀመሩም ከሰው ሰው ይለያያል። በላዩ ላይ ደግሞ አንድ አስማት ብዙ ሰው ሲጠቀምበት ኃይሉ ይቀንስ ነበር፤ ስለዚህ ያገኘኸውን ለሌላ አትነግርም ተብሎ ታሰበ። ሐሳቡ ያምራል። ተጫዋቾቹ ግን የቀመሩን ሥር አገኙትና ስሌቱን የሚሠራ ፕሮግራም ጻፉ። ያ ሁሉ ምርምር የአንድ ደቂቃ ሥራ ሆነ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ፤ በኦንላይን ጌም ውስጥ ደግሞ ብዙ ሌሊት አይፈጅም። በሺህ የሚቆጠር ሰው በየቀኑ አንድን ግድግዳ እየዳሰሰ ነው፤ ስንጥቁ ይገኛል።

ስለዚህ ጉዳይ ከሁሉም በላይ የምወደው ምሳሌ የወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት የትሬት ነገር ነው። ይህን ጌም ላልተጫወተ ሰው ላስረዳ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አርባ ሰው ሆኖ ከአንድ ግዙፍ ጭራቅ ጋር ይገጥም ነበር። አንዱ ታንክ ነው፤ ጋሻ ይዞ ከፊት ይቆማል፣ ጭራቁም እሱን እንዲመታ ያናድደዋል። ሌሎቹ ከኋላና ከሩቅ ይመታሉ፣ ጥቂቶቹ ያክማሉ። ጭራቁ እያንዳንዱን ሰው ምን ያህል እንደጠላው በቁጥር ይይዛል፤ ያ ቁጥር ትሬት ይባላል። አንዱ ተዋጊ በጣም አብዝቶ ከመታ ጭራቁ ታንኩን ትቶ ወደ እሱ ይዞራል፤ ያኔ ሰውየው በአንድ ምት ይወድቃል፣ አንዳንዴም አርባውም ያልቃሉ። ያን ሁሉ የሚወስነው ቁጥር ግን በስክሪኑ ላይ አልነበረም።

ተጫዋቾቹ ምን አደረጉ? ሁለት ሁለት ሆነው ወደ ሜዳ ወጡ። አንዱ ጭራቁን አንድ ጊዜ መትቶ ይቆማል፤ ሌላኛው ጥቂት በጥቂት እየመታ ጭራቁ ስንት ላይ ሲደርስ ፊቱን እንደሚያዞር ይቆጥራል። እንዲህ ሲደክሙ ሕጉን አገኙት፤ አጠገቡ ቆመህ የምትመታ ከሆነ ጭራቁ የሚዞረው ቀድሞ ከያዘው ሰው 110 በመቶ ስታልፍ ነው፤ ከሩቅ ከሆንክ 130 በመቶ። ከዚያ የየሰዉን ትሬት እየገመተ በሰሌዳ የሚያሳይ አዶን፣ ማለትም ጌሙ ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም፣ ሠሩ፤ ከባድ ውጊያ የሚገጥሙ ቡድኖችም ያለ እሱ አንገባም እስከማለት ደረሱ። ኩባንያው ራሱ እ.ኤ.አ. በ2008 የትሬት ማሳያ ጌሙ ውስጥ አስገባ።

አንዳንድ የድሮ ተጫዋቾች ይህ ውበቱን አጠፋው ይላሉ። ድሮ ታንኩን ዓይን ዓይኑን እያየን፣ በስሜት እየለካን ነበር የምንዋጋው፤ አሁን ሁሉም ሰሌዳ ላይ ተደፍቷል ይላሉ። ይገባኛል። ግን ያ ስሜት የነበረው ለተካነው ሰው ነው። አዲስ የገባው፣ በሠላሳ ዘጠኝ ሰው ፊት «አንተ ነህ ያስፈጀኸን» የተባለው ልጅ ምን አጠፋሁ ብሎ ቢጠይቅ የሚነግረው አልነበረም። የተደበቀ ሕግ ሁልጊዜ ሁለት ዓይነት ዜጋ ይፈጥራል፤ የሚያውቅና የማያውቅ። የሚያውቀው ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሠሪው ወዳጅ፣ የድሮው ሰው፣ ጊዜ የተረፈው ነው። በእኛ ትንሽ ጌም ውስጥ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። የአገልጋዮቹ ጓደኞች ገጸ ባሕርያት «በአጋጣሚ» ሦስት ብቻ እየመቱ መጠጥ ቤት ይገቡ ነበር። ማንም ሆን ብሎ የነገራቸው አይመስለኝም። ከእኛ ጋር እያወሩ ሲውሉ ሸተታቸው እንጂ።

ደግ ሆኖ የተደበቀ ስሌትም አለ። ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ከመውጣቱ በፊት የተሠራው ዋርክራፍት 3 ሙሉ በሙሉ ሮልፕሌይ ባይሆንም ጥሩ ምሳሌ ይሆነኛል። በዚያ ጌም 25 በመቶ ዕድል አለው የተባለ ችሎታ በመጀመሪያው ምት ላይ ያለው ትክክለኛ ዕድል 8.5 በመቶ ገደማ ነው። ካልያዘ በሁለተኛው ይጨምራል፣ በሦስተኛው ደግሞ ይጨምራል፤ ሲይዝ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። አማካዩ ሲሰላ 25 በመቶ ይመጣል። የተደረገውም ዕድል አንዱን ወገን ደጋግሞ እንዳይጥል፣ ሌላውንም ደጋግሞ እንዳያነሳ ነው። ይህን ሳውቅ አልተናደድኩም። የተነገረኝ ቁጥር እውነት ነው፤ የተደበቀው መንገዱ ብቻ ነው፤ ቢነገረኝም ጥሩ አደረጋችሁ እላለሁ።

ከዚህ ጋር አነጻጽሩት። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2017 የዴስቲኒ 2 ተጫዋቾች አንድ ነገር አስተዋሉ። ስክሪኑ ላይ «ይህን ያህል ኤክስፒ (የልምድ ነጥብ) አገኘህ» የሚል ቁጥር ይወጣል፤ ነጥቡ ሲጠራቀም የሚሞላው አሞሌ ግን ያን ያህል አይሞላም። ቁጥሩን እየመዘገቡ ሲደምሩ፣ ደጋግሞ አንድን ሥራ የሚሠራ ሰው ከሚታየው ያነሰ እንደሚሰጠው ደረሱበት። ኩባንያው አመነ፤ ኤክስፒውን እንደ ሥራው ርዝመት ከፍ ዝቅ የሚያደርግ አሠራር ነበረን፣ ውጤቱም አላስደሰተንም ብሎ አጠፋው። ነገር ግን በዚያው ሰዓት ለአንድ ሌቨል የሚያስፈልገው ኤክስፒ ከ80,000 ወደ 160,000 ከፍ ብሎ ተገኘ። ይህንንም አስቀድሞ የነገራቸው የለም፤ ራሳቸው ተጫዋቾቹ ናቸው ያዩት።

የመጀመሪያውን ሳነብ አንጥረኛዬ ትዝ አለኝ። ነገሩ አንድ ነው፦ ሥራ የሚደጋግመውን ሰው ቀዝቀዝ ማድረግ፣ እያደረጉም ምንም እንዳልተደረገ ማሳየት። እኛ «እጅህ እየሰላ መጣ» እንል ነበር፤ እነሱ ቁጥር ይጽፉ ነበር። ዝም ማለት አንድ ነገር ነው። ለዓይን የሚታየው መልእክት ከውስጡ ስሌት ጋር ሲቃረን ግን ዝምታ መሆኑ ቀርቷል። እዚህ ላይ «ዓላማው ጥሩ ነበር» የሚለውን ምክንያት፣ ራሴም የተጠቀምኩበት ቢሆን፣ አልቀበልም።

የሚያስቸግረኝ ሌላ ነው። ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት እ.ኤ.አ. በ2004 ከመውጣቱ በፊት በሙከራ ላይ ሳለ፣ ሰው ብዙ ሰዓት ከተጫወተ የሚያገኘው ኤክስፒ በግማሽ እንዲወርድ ተደርጎ ነበር። ተጫዋቹ ጮኸ፤ እየተቀጣን ነው አለ። ዲዛይነሮቹ ስሙን ገለበጡት። አርፎ የመጣ ሰው 200 በመቶ ያገኛል፣ ዕረፍቱን ሲጨርስ ወደ መደበኛው 100 ይመለሳል አሉ። በተግባር ስሌቱ ያው ነው፤ የላይኛው የታችኛው እጥፍ ነው። ተጫዋቹ ግን ወደደው። ይህን ታሪክ ዲዛይነሮች ሲያወሩት ደስ ብሏቸው ነው፤ እኔ መጀመሪያ ስሰማው ግን ከፋኝ። ሰውን በቃላት ማባበል መሰለኝ። አሁን ሐሳቤ ተለውጧል። ቁጥሩ እዚያው አሞሌው ላይ በተለየ ቀለም ይታያል፤ ማደሪያ ቤት ገብተህ ከጌሙ ስትወጣ እንደሚሰበሰብ ይነገርሃል፤ ዓላማው ማለትም ዕረፍ፣ ነገ ና የሚለው ከስሙ ይነበባል። ምንም የተደበቀ የለም። ቃሉን አሳምሮ መናገርና ነገሩን መሸሸግ የተለያዩ መሆናቸውን ያስተማረኝ ይህ ነው።

ገንዘብ ሲገባበት ነገሩ ሌላ ይሆናል። እዚህ ላይ ብዙ መከራከሪያ ስለሌለ ረጅም አልጽፍም፤ አንዱን ብቻ ላንሳ። በኮሪያው ሜፕልስቶሪ ውስጥ የመሣሪያን ተጨማሪ ኃይል በዕጣ የሚቀይር ኪዩብ የሚባል በገንዘብ የሚገዛ ዕቃ አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 ሽያጭ ከተጀመረ በኋላ ተፈላጊዎቹ ኃይሎች ዕድላቸው እንዲቀንስ ተደረገ፤ በ2011 ደግሞ አንዳንድ ጥምረቶች ጭራሽ እንዳይወጡ ተደረገ፤ ዕድላቸው ዜሮ ሆነ። ተጫዋቹ አልተነገረውም። ከዜሮ ላይ ዕጣ እየገዛ ዓመታት አለፉ። የሚገርመው ነገሩ ፈክቶ የወጣበት መንገድ ነው። በየካቲት 2021 በአንድ የአፕዴት ማስታወቂያ ላይ፣ ስለ ሌላ ዕቃ፣ ከእንግዲህ ኃይሎቹ በእኩል ዕድል እንዲወጡ እናደርጋለን የሚል ዓረፍተ ነገር ተጻፈ። ተጫዋቾቹ አነበቡትና፣ እስካሁንስ? አሉ። ከዚያች አንዲት ጥያቄ ተነስቶ ስክሪን የተገጠመላቸው የጭነት መኪናዎች ተከራይተው እስከመቃወም ደረሱ። በጥር 2024 የኮሪያ የፍትሐዊ ንግድ ኮሚሽን ኩባንያውን 11.6 ቢሊዮን ዎን ቀጣ፤ በመጋቢት 2024 ደግሞ የዕጣ ዕቃዎችን ዕድል በግልጽ ማሳወቅን የሚያስገድድ ሕግ በአገሪቱ ሥራ ላይ ዋለ። ቻይና ተመሳሳይ ደንብ ያወጣችው ቀደም ብላ ነበር፤ በ2017 ሥራ ላይ ውሏል።

ዕድልን ማተም ግን ዓላማን መናገር አይደለም። ገንሺን ኢምፓክት በሚባለው ጌም ውስጥ ከፍተኛው ገጸ ባሕርይ በአንድ ዕጣ የሚወጣበት ዕድል 0.6 በመቶ መሆኑ፣ በ90ኛው ዕጣ ደግሞ ግድ እንደሚወጣ ተጽፏል። ተጫዋቾቹ የየራሳቸውን መዝገብ ሰብስበው ሲያዩ ግን ዕድሉ ከ74ኛው ገደማ ጀምሮ ሽቅብ ይወጣል። የተጻፈው ሁሉ እውነት ነው። ሰባ ዕጣ ላይ የደረሰ ሰው «ትንሽ ነው የቀረኝ» ብሎ እንዲቀጥል የሚያደርገው ሥፍራ ግን አልተጻፈም። ሰውን የሚገፋው ክፍል ከተደበቀ ቀሪው ግልጽነት ጎደሎ ነው።

አሁን ከእኔ ሐሳብ ጋር የሚቃረነውን ላምጣ፤ ምክንያቱም ይህኛው ራሴንም እስካሁን ይሞግተኛል። ስታር ዋርስ ጋላክሲስ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2003 ሲወጣ ጄዳይ፣ ማለትም በስታር ዋርስ ፊልሞች የሚታወቀው ልዩ ኃይል ያለው ተዋጊ፣ መሆን ይቻላል ተብሎ ነበር፤ እንዴት እንደሚቻል ግን ማንም አልተነገረውም። ፈልጉ ተባለ። ከላይ ባልኩት መለኪያ ይህ ትክክለኛ እንቆቅልሽ ነው፤ ምስጢር መኖሩ ተነግሯል። መንገዱ ለእያንዳንዱ ሰው በዕጣ የተለያዩ ሙያዎችን አጣርቶ መጨረስ ነበር፤ መጀመሪያ ታስቦ ከነበረው በጣም ያነሰና የተቻኮለ ሥራ። ወራት አለፉ፣ ጄዳይ የሚባል አልታየም። ስለዚህ ሆሎክሮን የሚባል ዕቃ ጌሙ ውስጥ ተበተነ፤ ያገኘው ሰው ከሚጎድሉት ሙያዎች አንዱን ይነግረዋል። በኅዳር 2003 የመጀመሪያው ጄዳይ ታየ።

ከዚያ የሆነውን ሳስብ አሁንም ያሳዝነኛል። ያ ጌም ከሠላሳ በላይ ሙያ ነበረው። ሙዚቀኛ አለ፣ ፀጉር አስተካካይ አለ፣ ዕድሜ ልኩን መሣሪያ እየሠራ የሚሸጥ ሰው አለ። ሰዎች የሚኖሩበት ከተማ ነበር። ሆሎክሮኑ ሲናገር ዳንሰኛዋ ዳንሷን ትታ የማትወደውን አደን ጀመረች፤ ነጋዴው ሱቁን ዘግቶ ጭፈራ ገባ፤ ሁሉም ቶሎ ጨርሶ ለመውጣት በማክሮ፣ ማለትም በራሱ በሚደጋግም ትእዛዝ፣ ይጨፍር ጀመር። ምስጢሩ ሲገለጥ ከተማው ፈረሰ። የጌሙን ዲዛይን የመራው ራፍ ኮስተር ከዓመታት በኋላ ታሪኩን ራሱ በዝርዝር ጽፎታል። እንግዲህ መግለጥም ይገድላል ማለት ነው? እኔ ያየሁት እንዲህ ነው። የተገለጠው «ይህን አድርግ» የሚለው ቁጥር እንጂ ዓላማው አልነበረም። ይህ ጄዳይ የሚባል ነገር ለምን ተደበቀ፣ ለማን ታሰበ፣ ጌሙ ከዚህ ሰው ምን ይፈልጋል የሚለውን ማንም አልተናገረም። ሰው ዓላማ ሲነፈግና ቁጥር ሲሰጠው ቁጥሩን ያሳድዳል። ይህ መልስ ሁሉንም ይሸፍናል አልልም፤ ዓላማው ቢነገርም ሩጫው አይቀርም ነበር የሚሉ ሰዎች ጋር ስከራከር ሁልጊዜ አልረታም።

ይኸው ኮስተር ቀደም ሲል በመራው አልቲማ ኦንላይን ላይ ደግሞ ተቃራኒው ሆኗል። ለዚያ ጌም ተኩላ ጥንቸል የሚያድንበት፣ ሣር ሲመናመን አውሬው የሚፈልስበት ሙሉ ሥነ ምህዳር ተዘጋጅቶ ነበር። ተጫዋቾቹ ገቡና የሚንቀሳቀሰውን ሁሉ ገደሉ። ዑደቱ ለመታየት እንኳ ጊዜ አላገኘም፤ ስለዚህም ወጣ። ስለ ዑደቱ የሚያውቅ ሰው ቢኖር ምናልባት አንዲት ጥንቸል ትተርፍ ነበር እያልኩ አስባለሁ።

ዓላማን በግልጽ መናገር እንደሚቻል የሚያሳየኝ ፋይናል ፋንታሲ 14 ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ሲወጣ በሳምንት ውስጥ አንድን ሙያ ከስምንት ሰዓት በላይ የተለማመደ ሰው የሚያገኘው ነጥብ እየቀነሰ ሄዶ ዜሮ ይገባ ነበር። ወሬው መጀመሪያ በሹክሹክታ ነው የወጣው፣ ማብራሪያው ተከትሎ መጣ፤ ሰው ግን ቀድሞ ተቆጥቶ ነበር። ጌሙ በብዙ ምክንያት ወደቀ። በታኅሣሥ 2010 ናኦኪ ዮሺዳ ተረከበው፤ ደብዳቤ መጻፍ ጀመረ፣ በኋላም በቀጥታ ሥርጭት እየቀረበ ይህን የምንቀይረው በዚህ ምክንያት ነው፣ ይህኛውን ደግሞ አሁን አንችልም እያለ ይናገር ነበር። ጌሙ በነሐሴ 2013 እንደ አዲስ ተሠርቶ ሲወጣ አብዛኛው ሰው ምን እንደተፈለገ ያውቅ ነበር። ኦልድ ስኩል ሩንስኬፕ ደግሞ ከዚያም አልፎ አዲስ ይዘት ከመግባቱ በፊት ለተጫዋቹ ድምፅ ያቀርባል፤ መጀመሪያ 75 በመቶ፣ በኋላ 70 በመቶ ያላገኘ አይገባም። ሁሉም ጌም በድምፅ ይመራ አልልም። ድምፅ ለመጠየቅ ግን ዓላማህን መጻፍ ግድ ይልሃል፤ እሱ ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

ወደ እኛ ጌም ልመለስ። የአንጥረኛውን ሠንጠረዥ ለሌሎቹ አገልጋዮች አሳየኋቸው። ክርክሩ አንድ ሳምንት ፈጀ። አንደኛዋ፣ ከሁላችንም የቆየችው፣ «ሕጉን ከነገርናቸው ዓለሙ ይፈርሳል፤ ሰው ስሌት ይጫወታል እንጂ ከሰው ጋር አይጫወትም» አለች። ንግግሯ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ፤ ልክ የሆነችበት ነገር ነበራትና። በመጨረሻ የተስማማነው እንዲህ ነው፤ ቁጥሮቹን አናትምም፣ ዓላማዎቹን ግን እናትማለን። አንድ ገጽ ጻፍን። ይህ ጌም ሰው ከሰው ጋር እንዲገናኝ የተሠራ ነው፣ ሙያ በመደጋገም ብቻ አያድግም፣ አንድን ነገር ለብቻህ ስትደጋግም ጌሙ ሆን ብሎ ያቀዘቅዝሃል አልን። ከስሩም፣ ጌሙ የሚልህ ነገር ሁሉ እውነት ነው፣ ያልነገረህ ነገር ግን ይኖራል ብለን ቃል ገባን።

ቃሉ ሲገባ ብዙ ዓረፍተ ነገር መሻር ነበረበት። «እጅህ እየሰላ መጣ» የሚለውን ራሴ ፈልጌ ሰረዝኩት። እንደፈራነው ሰዓት እየቆጠሩ ሦስት ሦስት የሚመቱ ሰዎች መጡ፤ ጥቂት ነበሩ። ሁለት የቆዩ ተጫዋቾች፣ ምስጢሩን በልባቸው ይዘው ሲኩራሩ የነበሩ፣ ቅር ብሏቸው ሄዱ። ለዚህ ልቤ አላዘነም ብል እዋሻለሁ፤ ከመካከላቸው አንዱ ወዳጄ ነበር።

አንጥረኛውን ግን አንድ ማታ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ አየሁት። ወርክሾፑ ገባ፣ ከሰሉን አቀጣጠለ፣ መታ። ሁለተኛ መታ። ሦስተኛ። በተሰረዘው ምትክ የጻፍኩት አዲሱ ዓረፍተ ነገር ስክሪኑ ላይ ወጣ፦

«ክንድህ ዝሏል፤ ዛሬ ብረቱ ከዚህ በላይ አያስተምርህም። ከመንገዱ ማዶ፣ ከመጠጥ ቤቱ በኩል ሳቅ ይሰማል።»

ትንሽ ቆየ። ከዚያ መዶሻውን አስቀመጠ፣ በሩን ከፈተ፣ መንገዱን ተሻገረ። መጠጥ ቤቱ ውስጥ አይቷት የማያውቃት አንዲት መንገደኛ ብቻዋን ተቀምጣለች። አጠገቧ ሄዶ ያንን ስለት የማይዝ ቢላዋ ጠረጴዛው ላይ አኖረና ጻፈ፦

«እህቴ፣ ይህን ያህል ወር የሠራሁት ይህን ነው። እስኪ እዪልኝ፣ ምን ይጎድለዋል?»